የፕሪሙን ከረጢት የመለስኩበት ምክንያት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት ቢሞላሽም ለእኔ አሁንም ሚጡ ለሆንሽው፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ? ጉልበትሽስ? ባለቤትሽን ያ ጉንፋን ለቀቀው ወይ? ሰላምታዬ በቀን ከምተኩሰው አንሶላ ይብዛልሽ። እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን እንዳንቺ ለይስሙላ አይደለም፤ እውነቴን ነው። በስልክ ገና ስለ አጥንት ሳነሳ "እዚያ ዝናቡ እንዴት ነው?" እያልሽ ወሬ ስለምታስቀይሪ ብዕር አነሳሁ። ደብዳቤ ሲናገር ማቋረጥ አይቻልም።

የላክሽልኝ የደረቀ ፕሪም ደርሶኛል። ራስሽ ለቅመሽ፣ ጣሪያ ላይ አስጥተሽ፣ ከረጢቱን ሳይቀር ሰፍተሽ መላክሽን ሳይ እንባዬ መጣ። "ለአጥንት ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ነው" ብለሽም ጽፈሽበታል። ከረጢቱን ግን መልሼልሻለሁ፤ ይህንን ደብዳቤ ያገኘሽውም እዚያው ውስጥ ነው። መቀየም ካማረሽ መጀመሪያ አንብበሽ ጨርሺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምታክመኝ ሐኪም አጥንቴን አስለክታ መሳሳቱን ስትነግረኝ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ብላ ስለ አንድ ጥናት አጫወተችኝ። በየቀኑ አምስት ስድስት የደረቀ ፕሪም መብላት የሳሳውን አጥንት ይመልሰው እንደሆነ ለማየት ነው። ይመልሳል ብላ አልማለችልኝም፤ ሊረዳ ይችላል፣ ገና እያየን ነው አለች። ፍሬ መብላት ምን ያስፈራል ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ዕጣ ወጣ፤ ግማሾቻችን የምንበላ፣ ግማሾቻችን የማንበላ። የእኔን ዕድል መቼም ታውቂዋለሽ፤ ከማይበሉት ወገን ወደቅሁ! የካልሲየም ክኒን ለሁላችንም ይሰጡናል፣ በእግራችሁ ሂዱ ይሉናል፤ ፕሪም ግን ዓመቱ እስኪሞላ ለእኔ ክልክል ነው።

በጣም ተናደድኩ። በልብስ ማጠቢያው ቤት አብራኝ የምትሠራው፣ አንሶላ የምታጥፈው ጓደኛዬ፣ በቁመቷ "ቀጭኔ" የምንላት፣ "ገበያው ሞልቶ! ገዝተሽ ብይ፣ ማን ያይሻል?" አለችኝ። የጥናቱን ነርስ ስጠይቃት ግን "እናንተ ካልተዋችሁ፣ የእነዚያ አጥንት በፍሬው ይሁን በክኒኑ መጠንከሩን በምን እናውቃለን?" አለች። ይሄ ገባኝ። የማይበላም ሰው ያስፈልጋል። ቃሌን ሰጠሁ።

ከዚያ ያንቺ ከረጢት መጣ። ይዞት የመጣው ሹፌር በሬ ላይ ቆሞ "እህትሽ ፊትህ ትቅመስልኝ ብላለች" ሲለኝ እንዴት እምቢ ይባላል? ሰባቱን እዚያው ቆሜ ዋጥ ዋጥ! አቤት ጣዕማቸው! ቃሌ ትዝ ያለኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። በማግስቱ ካውያዬን አስቀምጬ፣ አስፈቅጄ ሄጄ ለነርሷ ተናዘዝኩ። ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ እሷ ሳቀችና "ሰባት ፕሪም፣ አንድ ቀን" ብላ መዘገበችው። ከእናንተ የምንፈልገው እውነቱን ነው አለችኝ። አምስት ወር ቀርቶኛል፤ እጨርሰዋለሁ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሹፌሩ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ከቤታችሁ ደረጃ፣ ከአንዷ እርከን ላይ ወድቀሽ እጅሽ ተሰብሮ ነበር አሉ፤ ጀሶም ነበረው። ለእኔ ግን "ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው" ብለሽ ሁለት ወር ሙሉ መልእክትሽን በልጅሽ ታስጽፊልኝ ነበር። አንቺ ደግሞ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ከአንድ ደረጃ ወድቆ የሚሰበር እጅ ጤነኛ አጥንት የለውም። ሐኪሟም እህት ካለሽ እሷም ትለካ ብላኛለች።

እናታችን ትዝ ትልሻለች? ጀርባዋ ሲጎብጥ እርጅና ነው አልን። የልብስ ማስጫው ገመድ አልደረስ ሲላት አባባ ዝቅ አድርጎ አሰረላት፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔማ ይባስ ብዬ "እማዬ፣ ቀና በይ እንጂ!" እያልኩ እቆጣት ነበር። እሷም "እሺ ልጄ" ብላ ትሞክራለች። መሞከሯ ነው እስካሁን አንጀቴን የሚበላኝ። ቀና ማለት አትችልም ነበር፣ ሚጡዬ፤ አጥንቷ አልቆ ነበር። ይህን ያወቅሁት እሷን ከቀበርን ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ነው። አንቺን ደግሞ እያየሁ ዝም አልልም።

ስለዚህ ፕሪሙን አንቺ ብይው። አንቺ ዕጣ አልወጣብሽም፣ ቃልም አልሰጠሽም። በቀን አምስት ስድስት ይበቃል፤ ካበዛሽው ሆድሽን ያላላዋል፣ ሰውም ይስቅብሻል። ለእንግዳ ብለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፊበት! ፍሬ ብቻውን ግን ሐኪም አይሆንም፤ መለካት አለብሽ። "ዕድሜ ነው" ብትይኝ አልሰማሽም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ አናጺ ቤት መደገፊያ የሌለው ደረጃ ያሳፍራል በይው። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትንሹን ልጅሽን ጉንጩን፣ እምቢ ቢልም። ለትልቋ ልጅሽ ግን ሰላምታ አታድርሺ፤ ትናንት በስልክ ተነጋግረን ጨርሰናል። ቀጠሮ ይዛልሻለች፤ ማክሰኞ ጠዋት ከሥራዋ አስፈቅዳ ትመጣለች። ጫማሽን አድርገሽ ጠብቂያት።

የማትለቅሽ ታላቅ እህትሽ
ከመተኮሻው ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
ኅዳር 12 ቀን