ያልሳልኩት ዝሆን

እሑድ፣ ጥር 17
ኖርዝ ዮርክ

ልጄ ለልጆቿ በገዛችው የሥዕል ጌም ሦስት ሳምንት ሙሉ እያሸነፍኩ ስኩራራ ከረምኩ። ካርድ አንስቼ ያየሁትን እስላለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ምን እንደሆነ ካወቁ ጠጠሬ ወደፊት ይሄዳል።

ዛሬ ዝሆን ወጣልኝ። ገና አንድ ክብ እንደሳልኩ ትንሿ ሳራ «ዝሆን» አለች። አንድ ክብ ዝሆን አይሆንም። ዞር ስል ልጄ ከኋላዬ ቆማ ክንዷን እንደ ኩምቢ ታወዛውዛለች።

«አባባ፣ ልጆቹ ፊት እንዳያፍሩ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

ሸምግያለሁ እንጂ ሕፃን አልሆንኩም። ጠጠሬን ወደ መነሻው መለስኩ፤ እሷንም ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። እንደ አዲስ ጀመርን። የሳልኩትን በሬ ጠረጴዛ ነው አሉት። መጨረሻ ወጣሁ። ይህን ግን ማንም አልሰጠኝም፤ በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው።