ከአባባ መቃብር ጎን ያለው ባዶ ቦታ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምጋሼ ዴንቨር፦

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? የሰሜን ዳኮታ ነፋስ አልበረታብህም? ባለቤትህ ማርሊስ ጤናዋ እንዴት ነው? ትንሿ ልጅህ ጁንስ ጥርስ አበቀለች? ከሰገራህ ጋር ይወጣል ብለህ በፋሲካ በስልክ ስለ ነገርከኝ ደምስ ሐኪም ዘንድ ሄድክ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ስል ነው። እማዬና እኔ፣ የእኔ ከንፈር ከመሰንጠቁ በቀር፣ ደኅና ነን። ስለ ከንፈሬ እንዳትደነግጥ፤ በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ።

መቃብር በምናስጌጥበት ቀን እንደ ልማዳችን ዘመድ ሁሉ አካፋና አበባ ይዞ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሣሩ ታጨደ፣ የመቃብር ድንጋዮቹ ታጠቡ፣ ከዛፉ ሥር ያለው ረጅም ጠረጴዛ በተጠበሰ ዶሮ፣ በባቄላና በበቆሎ ዳቦ ተሞላ። እኔም ከምሠራበት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ካርቶን በፖስታ ታሽጎ የሚላክ የሰገራ መመርመሪያ ይዤ ሄጄ ነበር። ዘመዶቻችን ሐኪም ቤት አይሄዱም፤ ከመቃብር ግን አይቀሩም።

አጎታችን ሆበርት እንደ ወጉ በየመቃብሩ እየቆሙ የሟቹን አሟሟት ተናገሩ። አባባ ዘንድ ሲደርሱ፣ “ወንድሜ አርቪል የከሰል ብናኝ ሳንባውን በልቶት እንደ ወንድ ሞተ” አሉ። ሁሉም “አሜን” አለ። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ። “አጎቴ፣ አባባን የገደላቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው” አልኩ። በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው በዓመት ከመቶ ሺህ ከዘጠኝ እንዳይበልጥ አገሪቱ ግብ መጣሏን፣ በሌላው ስፍራ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ሲወርድ በእኛ ወረዳ ግን ከግቡ እጥፍ በላይ ሆኖ ንቅንቅ አለማለቱን አስረዳሁ። ጊዜውን አለመምረጤን እማዬ ነግራኛለች፤ ቁጥሩን ግን አልተሳሳትኩም።

አጎታችን ፊታቸው ቀላ። “አንቺ የመጽሐፍ ብል! ሰገራችንን በፖስታ አሽገን ለመንግሥት እንድንልክለት ነው? ግብሩ አልበቃው ብሎ?” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ካርቶኑን በእርግጫ ብለው ደረቁ ሣር ወደሚነድበት እሳት ከተቱት። ላወጣው ስሮጥ በመዳፋቸው አፌን መቱኝ።

ያን ጊዜ ልጃቸው ሎንዞ ተነሥቶ፣ “አባዬ፣ ይተዋት። እኔም ከገና ጀምሮ ደም እያየሁ ነው” አለ። አጎታችን በሰው ፊት ያዋረዳቸው ያህል ቆጥረውት የአካፋውን እጀታ ፊቱ ላይ አሳረፉት። ሎንዞ ወደ ኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱ የአባባን ድንጋይ መታ፤ ጧት ያጠብነው ድንጋይ በደም ተለወሰ። ወንድሞቹ በአባታቸው ላይ፣ የአጎታችን አማቾች ደግሞ በወንድሞቹ ላይ ዘለሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚመታ መለየት ቀረ። ጠረጴዛው ተገለበጠ። አንዱ የሌላውን ግንባር በአበባ ማስቀመጫ ፈነከተው። ከባቄላው መካከል ሁለት ጥርስ ተገኝቷል፤ የኔ ነው ያለ ግን የለም።

እማዬ ለእባብ ብላ ከመኪናዋ የማትለየውን ጠመንጃ አውጥታ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ሁሉም ባለበት ደረቀ። “አንሶላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ!” አለች። “አንተ አላጠብክም፣ ሆበርት። ከሰል ጥቁር ነው፤ እኔ ያጠብኩት ቀይ ነበር! አርቪል፣ ኪንታሮት ነው፣ የመኪናው መቀመጫ ያመጣው ነው እያለ ሁለት ዓመት ደበቀኝ። አሁን ከመካከላችሁ የሚደማ ካለ እጁን ያውጣ፤ አለዚያ ሁለተኛው ጥይት አለ።” እጆች አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው የአጎታችን የሆበርት ነበር።

ሎንዞ ጭንቅላቱን ሊሰፋ ሄዶ አንጀቱም በካሜራ ታየ። ዕጢ ተገኘበት፤ ሳይሰራጭ ተቆርጦ ወጣለት። አጎታችን በማግሥቱ ሰኞ ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ “ፖስታውን ስጪኝ፤ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ” አሉኝ። በፖስታው ላይ የካሜራ ምርመራ ቀጠሮ ጨምሬ ሰጠኋቸው።

ወንድምጋሼ፣ አንተም በፋሲካ እንደ አባባ “የመኪናው መቀመጫ ያመጣው ነው” ብለህ ሳቅክብኝ። ወላጁ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ወላጁ ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ መታየት አለበት። አባባ የታመሙት በአርባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አንተ ሠላሳ ዘጠኝ ሞልቶሃል። ለሚደማ ሰው ደግሞ ፖስታው አይበቃም፤ አንጀትህ በካሜራ ይታይ። የቀጠሮህን ቀን ጻፍልኝ፤ ሌላ መልስ አልቀበልም።

ማርሊስን እቀፍልኝ፤ ጁንን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። ሎንዞ ከአልጋው ሆኖ፣ “አፍንጫዬ ተሰብሮም ዴንቨርን በመልክ እበልጠዋለሁ በይልኝ” ብሎሃል። አጎታችን ሆበርት ስምህን ስጠራላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሰላምታ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። እማዬ ደግሞ ከጸቡ በኋላ የወደቀውን አካፋ አንሥታ፣ ከአባባ ጎን ለአንተ ለበኩር ልጃቸው የተተወውን ባዶ ቦታ ቆፈረችና የአበባ ሥር ተከለችበት። “ለዴንቨር ጻፊለት፤ ቦታው ተይዟል። አበባዬን ነቅሎ እዚያ የሚተኛ ከእኔ ጋር ነው የሚታገለው” ብላሃለች።

እህትህ ኮራሊ
ሎስት ሚል ክሪክ፣ ምሥራቅ ኬንታኪ
ጁን 25 ቀን 2023