ለሚ የጫነው ማጽጃ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4። ጠዋት 2፡00

እንደገና መጣ። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ወንበሬን እንኳ ሳላስተካክል ያ ቀይ መስኮት ድንቅር አለ። ኮምፒዩተሬ አንድ ሺህ ምናምን ስሕተት አለበት፣ አሁኑኑ ካልጸዳ ያልቅለታል ይላል። ደብተሬ፣ ስሕተቱ አንድ ብቻ ነው። ለሚ ይባላል። ታናሽ ወንድሜ። ከጓደኛው በፍላሽ ገልብጦ ሳልጠይቀው ይህን "ማጽጃ" ጫነልኝ። ፍጥነት ይጨምራል አለ። አሁን አንድ ገጽ እስኪከፈት ጥርሴን ፍቄ እመለሳለሁ።

የማስተምርበት ት/ቤት ዝግ ነው። ተማሪዎቹ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ሰልፍ ከወጡ ወዲህ ሰበታ ላይ ክፍል የገባ አስተማሪ የለም። እኔ በልቤ ደስ ብሎኛል፤ የማስተርስ ጽሑፌን መጨረሻ ምዕራፍ እጽፋለሁ ብዬ። አማካሪዬ ለዓርብ ይፈልገዋል። ቀይ መስኮቱ ግን ሁለት መስመር አያስጽፍም።

ያው ዕለት። ከሰዓት 9፡00

ለሚ አጠፋሁት ብሎ እጁን እያራገፈ ተነሣ። አየሁት። ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ምልክት ደመሰሰ። ምልክቷን! ታፔላ ነቅሎ ሱቅ ዘጋሁ እንደሚል ሰው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ያንቀሳቅሳል። እግዚአብሔር ማሽኑን ይጠብቀው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5። 6፡00

ኮምፒዩተር ጠጋኙ ጋ ሄድን። ሱቁ በፍርሃት ግማሽ ተከፍቷል። ላፕቶፑን ሳይነካው ፎርማት ይደረግ አለ። የዚህ ከተማ ጠጋኝ ሌላ መድኃኒት አያውቅም፤ ገመድ ቢበጠስም ፎርማት ነው። ሁሉን ደምስሶ ተገላገልሽ ይላል።

ለሚ እሺ በይው፣ ጽሑፍሽን ፍላሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። በጠጋኙ ኮምፒዩተር አስከፈትኩት። የገለበጠው ሾርትከቱን ነው! ጽሑፉ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት እንጂ ከጽሑፉ አንድ ፊደል የለበትም። የሁለት ዓመት ልፋቴ። እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ!  እዚያው በሰው ፊት ደደብ አልኩት።  ጽሑፌን ራሴ በትክክል ገልብጬ አስቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6። ጠዋት 1፡30

በኮንትሮል ፓነል ገብቼ ራሴ አራገፍኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አምስት ጊዜ ጠየቀኝ። እንደ ተባረረ እጮኛ ለመነኝ። እርግጠኛ ነኝ፣ እርግጠኛ ነኝ። አጥፍቼ ከፈትኩ። ተመልሶ መጣ፣ አያፍርም!

ኢንተርኔት ቢኖር ማራገፊያ አወርድ ነበር። የለም፤ ከተቋረጠ ሰነበተ። ለሚ ዓለም ገና ያለው ጓደኛው ጋ ማራገፊያ አለ ይላል። ያው ማጽጃውን የሰጠው ጓደኛ፣ በሽታውንም መድኃኒቱንም የሚያድል። እንግዲያው ሂድ አልኩት። ሳታመጣ እዚህ ቤት እግርህን እንዳታስገባ አልኩት። እናታችን መንገዱ ተዘግቷል፣ ለዛሬ ይቅር አለች። ሳቅሁባት። ለስንፍናው ምክንያት አታቀብዪው አልኩ። ፍላሹን ይዞ ወጣ፣ ቁርስ ሳይበላ።

ያው ዕለት። 10፡30

አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። የሆነ ቦታ ተጎልቶ ወሬ እያወራ ይሆናል። ሰው ያስባል የማይል ፍጡር። የሚቃጠል ጎማ ይሸታል። ቅድም ወደ ጅማ መንገድ በኩል ተኩስ ነበር፣ ቆየት ብሎ ጸጥ አለ። እናቴ ከበሩ አልተነሣችም። አንድ መስመር አልጻፍኩም። በማጽጃው ምክንያት ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7። ጠዋት 2፡00

ጎረቤታችን ኦቦ ቶለሳ መጡ። አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ይግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ትናንት ከዓለም ገና ሲመለስ አይተውታል። ፖሊሶች ወጣቶቹን አስቁመው ይፈትሹ ነበር። ለሚ ኪስ ውስጥ ፍላሹን አገኙ። ምንድን ነው ሲሉት የእህቴ ኮምፒዩተር ማራገፊያ ነው አለ። ማን ያምነዋል? የሰልፍ ፎቶ የሚያዞር መሰላቸው። ፍላሹን ወሰዱበት፣ እሱን ግን ሂድ አሉት።

"ሂድ ብለውት ነበር እኮ፣ ልጄ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ግን ፍላሹን ስጡኝ፣ ያለሱ ቤት አልገባም ብሎ ተገተረ። ያኔ መኪናቸው ላይ ጫኑት።"

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ብታይ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ምግብ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ስሙ የለም አሉን። ምግቡን ይዘን ተመለስን። አማካሪዬ ለዓርብ ብሎ ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው። ገደል ይግባ። እኔም አብሬው። አስተማሪ ተብዬ! ምልክትና ጽሑፍ መለየት አቃተው ብዬ የሳቅሁበት ልጅ፣ የእኔን ቁጣ ከዱላ አብልጦ ፈራ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9። ጠዋት 3፡00

ቁጭ ብል አብዳለሁ፣ እጄን ሥራ ሰጠሁት። ማሽኑ ሲነሣ አብረው ከሚነሡት ዝርዝር ውስጥ ማጽጃውን አወጣሁት። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ደመሰስኩ። ብራውዘሩ ላይ የለጠፈውን ቀደድኩ። በስሙ ስፈልገው ሰባት ቦታ ተሸጉጦ አገኘሁት፤ ሰባቱንም ነቀልኩ። ሌባ።

አንድ ሥር ቀረው። ለሚ ለራሱ በከፈተው ዩዘር ውስጥ ነው፣ እየተነሣ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፓስወርዱን አላውቅም። የሚቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዩዘሩን ከነዕቃው ማጥፋት። ስሙን ተጫንኩ። ማሽኑ ይጠይቀኛል። የለሚ የሆነ ሁሉ ይጠፋል፣ ይጥፋ ወይስ ይቅር?

ይቅር አልኩት። 

ቀይ መስኮቱ አሁንም ፊቴ ተደንቅሯል። ይደንቀር። የተያዙት ወደ ቡራዩ ተወስደዋል የሚል ወሬ አለ፤ ነገ በጠዋት ከእናቴ ጋር እንሄዳለን። ማጽጃውን ለሚ ራሱ መጥቶ ያጥፋው። ባያጠፋውም ቤት ይግባ።