ሥራ ሲፈታ ስለሚታመም ላፕቶፕ፣ ለገበያ ማዕከላችን ኃላፊ

ለተከበሩ የገበያ ማዕከላችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመጣን ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች የምትሸኘን ጸሐፊዎ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በደረጃው ሥር አዝራር፣ ዚፕና ክር የምሸጠው፣ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ደግሞ እሸጥ የነበርኩት ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ሱቄ ይመለስልኛል ብዬ አይደለም፤ ነጋዴ ነኝና የሚመለስ ዕቃና የማይመለስ ዕቃ ለይቼ አውቃለሁ። የምጽፈው ምስጋናዬ ልቤ ውስጥ ታምቆ እንዳይቀር ብቻ ነው።

አንደኛ፤ የሱቅ ውል በኮምፒውተር ብቻ እንዲታደስ፣ ኮምፒውተሩም ጽሕፈት ቤቱ ከመረጠው አቅራቢ የተገዛ ላፕቶፕ ብቻ እንዲሆን ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ከሌላ መሣሪያ የገባ ጥያቄ እንደማይስተናገድ በማስታወቂያ ስለነገሩን አማርጦ የመግዛት ድካም ቀርቶልናል። ላፕቶፑ ሥራ ላይ ሳለ እንከን አይወጣለትም፤ ቢጽፉበት ይጽፋል፣ ቢያሰሉበት ያሰላል። የሚታመመው ሲያርፍ ነው። እጅዎን አንሥተው ጥቂት ከተዉት ማንም ሳይነካው ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የተከፈተውንም ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስላለኝ የሞከርኩትን ሁሉ ጽፌዋለሁ፦ ቻርጀሩን ለወጥኩ፤ ባትሪውን አስወጥቼ በመብራት ብቻ አስነሣሁት፤ አቧራውን አስጠረግኩ፤ እንዳይተኛ አድርጌ አስተካከልኩት፤ ዘፈን ከፍቼለት ዞር ብል ዘፈኑን መሃል ላይ ቆርጦ ጠፋ። ከሱቄ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን ሳያቆም፣ «ተይው እህቴ፣ እንደኔው ነው፤ ዕረፍት አልለመደም» አለኝ። ሱቁን የከፈተችው፣ እኔንም እዚያው ያሳደገችኝ፣ ዛሬ ጉልበቷ ደክሞ ከደጃፉ ወንበር የማትነሣው አክስቴ ደግሞ፣ «ይኼማ ሰው የለመደ ነው፤ ብቻውን ሲተዉት ይደነግጣል» ብላ ፈረደች።

ሁለተኛ፤ የጥገና ክፍልዎ ባለሙያ ስላሳየው ትጋት አመሰግናለሁ። ላፕቶፑን ተቀብሎ ሲነካካው አረፈደ፤ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጫነ፣ አራገፈ። እጁ ከላዩ ስላልተነሣ አንድም ጊዜ አልጠፋም፤ እሱም «ደህና ነው እኮ እናቴ» አለኝ። እባክህ ጠረጴዛው ላይ ተወውና ዝም ብለህ እየው ብዬ ብለምነው፣ ግራ ቀኝ ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ሥራ ፈትቼ ላፕቶፕ ሳይ አለቃ ቢያገኘኝስ?» አለ። በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ሥራ ፈትቶ መታየትን የሚፈራ ሰው መኖሩን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነውና ኮርቼብዎታለሁ፤ የኔ ዕድል ሆኖ ግን የሚያስፈልገኝ ሥራ ፈት ሰው ነበር። በመጨረሻ ፎርማት አደረገልኝ፤ የደንበኞቼን ስልክ ሁሉ ጠራርጎ አጠፋልኝ፤ «ችግር አልተገኘም» ብሎ ፈርሞ ሸኘኝ። ሱቄ ገብቼ አስቀመጥኩት፤ ለአንዲት ደንበኛ ዚፕ መርጬላት ዞር ስል ጠፍቶ እየተነሣ ነበር።

ስለ ሦስተኛው ምስጋናዬ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያው ላፕቶፕ ስለሆነ፣ ለእርስዎ የሚመጥን ጨዋ ቃል ስፈልግ ፋታ ብወስድ ጠፋና ገና ያላስቀመጥኩት ሦስተኛው አብሮት ሄደ። ደግሜ ጻፍኩት፤ ጨዋው ቃል አሁንም ዘገየ፤ አሁንም ጠፋ። ስለዚህ ወደ አራተኛው አልፋለሁ።

አራተኛ፤ የውል ማደሻው ገጽ ተራ ያስጠብቃል። በቀይ ያስጻፉትን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ፦ «ተራዎ እስኪደርስ ምንም ሳይነኩ ይጠብቁ፤ ከነኩ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳሉ።» እንግዲህ ይፍረዱኝ። ከነካሁት ገጹ ይመልሰኛል፤ ካልነካሁት ላፕቶፑ ይጠፋል። ወደ ፊትም ገደል፣ ወደ ኋላም ገደል ሆኖብኝ ጉዳዩን ለጸሐፊዎ ባስረዳ፣ «ታዲያ ቀስ ብለሽ ንኪዋ» ብላ መከረችኝ።

ማደሻው በሚዘጋበት ቀን አክስቴ ወንበሯን ወደ ውስጥ አስገባችና ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። «አልነካውም፤ አዋራዋለሁ» አለች። ሱቁን እንዴት እንደከፈተች፣ ማን ምን ዓይነት አዝራር ይወድ እንደነበር፣ እኔ በልጅነቴ ስንት አዝራር እንደዋጥኩ ሁሉንም ነገረችው። እንዲህ ያለ ነገር የማላምን ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ላፕቶፑ አልጠፋም። ከፊታችን ያሉት ሰዎች እየቀነሱ ሄዱ። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ መጣ፤ ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆሙ። ከፊታችን ጥቂት ሰው ሲቀር አንዲት የድሮ ደንበኛ ሰላም አለቻት። አክስቴ ሰላምታ የማትመልስ ሰው አይደለችምና ዞር ብላ «እንዴት ነሽ ልጄ» አለች። ላፕቶፑ ጠፋ። ተነሥቶ ገጹ ሲከፈት ከሰልፉ መጨረሻ ነበርን፤ ትንሽ ቆይቶ ማደሻው ተዘጋ።

አምስተኛ፤ በማግስቱ ሱቁን ለማሸግ የመጡት ሠራተኞችዎ ሰልፍ ስላላስጠበቁን አመሰግናለሁ። እነሱ ቢነኳቸውም ባይነኳቸውም የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዕቃችንን እንድናወጣ ፈቀዱልን፤ የአክስቴን ወንበር ግን «ቋሚ ንብረት ነው» ብለው ውስጥ አሸጉባት።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለአዲሱ ተከራይ በሩን የከፈቱ ዕለት ወንበሯን ያውጡልን። ላፕቶፑ የጠፋው ሰላምታ በመመለሷ እንዳልሆነ ብነግራት እኔን አልሰማ ብላለች፤ «ፊቴን ባላዞር ኖሮ» ከማለት በቀር ሌላ አትናገርም። ምናልባት በማኅተም ቢጽፉላት ታምን ይሆናል፤ ነገር ግን እንደማይጽፉላት አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

ሥራዎ እንዲቃና፣ ወንበርዎ ከሥርዎ እንዳይታሸግ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በደረጃው ሥር የነበረችው የአዝራር ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ላፕቶፑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ስጦታዬ ነው። መመሪያ ሲያረቁ ይጠቀሙበት። የሚያጠፋው ቆም ብሎ የሚያስበውን ሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎን አንድም ቀን አያስቸግርዎትም።