የጎበጠው ክንድ

ልጄ፣ እንቅፋት አይምታህ፣ ስብራት አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ።

ዩኒቨርሲቲው «የወጌሻ ሙያዎን ለተማሪዎቻችን ያሳዩልን» ብሎ ወሰደኝ። አስተማሪው በሽቦ የተያያዘ የሰው አጽም አቀረበልኝ። እየዳሰስኩ ግራ ክንዱ ላይ ስደርስ እጄ አልነሳ አለኝ።

ሙሽራ ሳለሁ የአባትህን የተሰበረ ክንድ ጠግኜ፣ አጥንቱ ጎብጦ እንደ ገጠመ ነግሬሃለሁ። አንተ ሆዴ ውስጥ እያለህ ለሥራ እንደወጣ ቀረ። ያው ጉብጠት ነው፤ እጄ አይስተውም።

«ይሄን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው፣ እማማ?» አለችኝ አንዷ ተማሪ።

«ጀማሪ ወጌሻ» አልኳት።

ለሰው ብናገር ጃጀች ይሉኛል። ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ አስተምርበታለሁ፤ ስወጣ እጁን ጨብጬ እሰናበተዋለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው። እባክህ አንድ ጊዜ ና፤ አብረን አፈር እናልብሰው።

እናትህ