ለእትዬ ዙሌይካ፣ ስለ መዲና ዓይን

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ዙሌይካ፣ ቴፒ።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ዝናቡ ሲበረታ ቁርጥማቱ አገረሸብሽ ወይ? እናታችንስ እህል ይወስድላታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ደክሞኛል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አንድ ላይ ስለምትሰሙ ነው። ሾፌሩ ካሣዬ በእጅሽ ይሰጥሻል፤ ብቻሽን አንብቢው። የመዲና ግራ ዓይን ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ፈርሜ አስወጣሁት። ካንሰር ነው፣ ዓይኑ ካልወጣ ልጅህን ታጣታለህ አለችኝ ሐኪሟ። የልጆቼን እናት አላማከርኳትም። ምን ብዬ ላማክራት?

ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ዓይኗ መብራት ሲያገኘው እንደ ድመት ሲያበራ እኛ ስንስቅ፣ ይሄ ነገር ደግ አይደለም ያልሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ግንቦት ላይ ነበር። እኛ ሠርጉንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ሕመሙንም ለቡና መድረሻ አይደል የምንቀጥረው? ቡናው ይድረስና እንወስዳታለን ብዬ ተቆጣሁሽ። ነሐሴ ላይ ዓይኗ አብጦ ሲወጣ ነው ሚዛን የሮጥኩት፤ ከሚዛን ጅማ፣ ከጅማ እዚህ አዲስ አበባ። በግንቦቱ ብትመጣ ምናልባት ዓይኑም ይተርፍ ነበር አሉኝ። የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛልም አላልኩ።

በክፍሉ ወንድ አስታማሚ እኔ ብቻ ነኝ። የሺሃረግ የምትባል ከማሻ የመጣች እናት ሹሩባ ታስተምረኝ ነበር፤ ቀስ በል፣ ጆንያ መስፋት አይደለም እያለች። አሁን መድኃኒቱ የመዲናን ፀጉር እያረገፈው ስለሆነ እሱም ቀረ። ገና አራት ዙር ይቀረናል። እሷ ፋሻውን በእጇ እየዳበሰች ዓይኔ መቼ ይመለሳል ትለኛለች። እኔ ፋሻውን አስተካክልላታለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ በሽታ ወንድምና እህት ላይም ሊኖር ይችላል ብላለች ሐኪሟ። ሸምሱ ገና የአምስት ወር ልጅ ነው፤ ምንም ባይታይበትም ቶሎ መመርመር አለበት። ቡናው መቅላቱን፣ ለቃሚ መጥፋቱንም አውቃለሁ። ይርገፍ! ዝንጀሮም ይብላው! እናቱ አዝላው በዚህ ሳምንት ትነሣ። መንገዱን ብቻዋን አትችለውምና አብረሻት ነይ፤ የመዲናንም ነገር አንቺው ንገሪያት። እኔ አቅም አጣሁ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለማናልሞሽ፣ ለመዲና ስላስያዘቻት ቆሎ እግዜር ይስጥልኝ በያት። ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው። ለልጆችሽም፣ መዲና ስትመለስ በዓይኗ የሚያሾፍ ካለ ከኔ ጋር ነው በያቸው። የልጆቼ እናት አፉ ትበለኝ።

ለሸምሱ ሰላምታ አልላክሁም። ራሱን አምጡልኝ።

ወንድምሽ ናስር
አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.