የሰባ ደቂቃው መንገድ

ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ ተሻለው? ሚስትህና ልጅህስ ደህና ናቸው? እኛ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከአንድ ሰው በቀር ደህና ነን። ሰውየው የታናሽ እህታችን ባል ነው።

በስልክ ስነግርህ «እሱ አጣርቷል» ብለህ ስለሳቅህብኝ ነው የምጽፍልህ። በወረቀት አታቋርጠኝም።

ያ ሁሉን አዋቂ እሁድ ዕለት ስልኩን አውጥቶ የእኛንና የእናንተን አውሮፕላን ማረፊያ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ርቀቱ ሰባት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ በረራው ሰባ ደቂቃ» ብሎ አወጀ። ደረቱን ነፍቶ! ስልኩ መስመር አሰመረለት እንጂ አውሮፕላን አላቆመለትም። በዚህ አያያዙ እስከ ጨረቃም ያሰላልናል።

እኔ የዚህን ማረፊያ አዳራሽ አስራ አንድ ዓመት ጠርጌያለሁ። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በሳምንት ሁለቴ ከዋናው ከተማ መድኃኒትና ፖስታ አምጥታ ትመለሳለች፤ ሰው አትጭንም። ወደ እናንተ የሚበር አንድም የለም። ይህን ብነግረው «አንቺ የምታውቂው ወለሉን ነው» አለኝ። አዎ፣ ወለሉን አውቃለሁ፤ መንገደኛ ረግጦት እንደማያውቅም አውቃለሁ።

እሱስ እሱ ነው። አንተ ጢም ያወጣኸው ሰውዬ «ሐሙስ ቁርሴን በልቼ ተነሥቼ ለምሳ እደርሳለሁ» ትላለህ? ትኬቱን ከማን ልትቆርጥ ነው? ከስልኩ?

የእማዬን የቀረች አንድ ዓይን ቀዶ የሚያክመው ሐኪም የሚመጣው ለዚያች ሐሙስ፣ ለጥር 25 ብቻ ነው። ዳግመኛ የሚመጣው ለከርሞ ነው፤ ዓይኗ ግን እስከዚያ አይቆይም ብሏል። እሷ ደግሞ «ቢሳካ እሰየው፤ ባይሳካ መጨረሻ ያየሁት የልጄ ፊት ይሁን። እሱን ሳላይ ማንም አይነካኝም» ብላ ምላለች። እምቢ ስትል ታውቃታለህ።

ስለዚህ ሰኞ፣ ጥር 22፣ በማለዳ አውቶቡስ ላይ ውጣ። እስከ ዋናው ከተማ አንድ ቀን፣ ከዚያ እኛ ጋ አንድ ቀን ተኩል ነው፤ ጎማ ከፈነዳ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ። ካላመንከኝ ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህን ሾፌር ጠይቀው፤ እሱ መንገዱን የለካው በመቀመጫው ነው።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ያ ሰባ ደቂቃ የእማዬ ጆሮ ገብቷል። ትናንት ልብስ ስናጣጥፍ «እንዲህ ቅርብ ከሆነ፣ ታዲያ ልጄ ስድስት ዓመት ምን ሆኖ ቀረ?» አለችኝ። ሁሉን አዋቂው አጠገባችን ነበር፤ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። እኔ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ከባድ ነው እያልኩ ስድስት ዓመት ሸፈንኩህ፤ ከእንግዲህ አልችልም። ና፣ ራስህ መልስላት፤ ፊትህን እያየች።

ሚስትህን ሳምልኝ። ልጅህን ጉንጯን ሁለቴ ሳምልኝ። አማትህን እህትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ፣ በዕድሜ ባንቀራረብም ደስ ይላታል። ታናሽ እህታችን ትስምሃለች። የባሏን ሰላምታ ራሱ ይላክልህ።

እህትህ
ከማረፊያው አዳራሽ፣ ማክሰኞ፣ ጥር 9